የሽንት ቤቱ አንበሳ

ትርፌ በሥራ ሰዓት ውሃ የማትጠጣው ውሃ ጠልታ አልነበረም። ሃምሳዎቹ ገና በገቡበት በዚያን ዘመን፣ ሶዶ ከተማ ውስጥ፣ ስሙን ከማንጠራው አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት የተቀጠረች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ነበረች። ቤቱ ሲሠራ ሴት ትቀጠርበታለች ብሎ ያሰበ ሰው ስላልነበረ ሽንት ቤት የሚባል ነገር አልተሠራለትም። ለወንዶቹ ከጓሮ ያለው ባሕር ዛፍ ይበቃቸዋል። ትርፌ እስከ ምሳ ትችላለች፣ ምሳ ሲሆን ዳገቱን በሩጫ ወጥታ አክስቷ ቤት ትደርሳለች፣ ከሰዓት በኋላ እንደገና ትችላለች። የመሥሪያ ቤቱ ሹም አቶ እሸቴ ታዲያ ለመጣው እንግዳ ሁሉ «ይቺ ልጅ ሥራ ወዳድ ናት፤ ምሳዋን እንኳ በሩጫ ነው የምትበላው» እያሉ ያወሩላት ነበር።

ብዙ ጊዜ ከቻለች በኋላ አንድ ቀን መቻሉ አቃታት። አቶ እሸቴ ቢሮ ገባችና ዓይኗን ከጫማዋ ሳታነሳ «ጌታዬ፣ ሽንት ቤት ካልተሠራ ሥራዬን እለቃለሁ» አለች።

አቶ እሸቴ ከሸዋ ተሹመው የመጡ፣ ልባቸው ደግ የሆነ ግን ክብራቸውን አጥብቀው የሚወዱ ሰው ነበሩ። አንዲት ልጃገረድ ይህን ቃል በፊታቸው ስትጠራ ከእሷ ይልቅ እሳቸው አፈሩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ወደ መስኮቱ ዞሩ፣ የዳሞታን ተራራ አዲስ እንደመጣ ሰው ሲያዩት ቆዩ። ከዚያ ጩማ የሚባለውን አናጢ አስጠሩ።

ጩማም ከትርፌ መስኮት ጥቂት ራቅ ብሎ፣ ቆርቆሮ ጣራ ያላት፣ በሯ ወፍራም ሳንቃ የሆነ ጠባብ ቤት ሠራ። ለጉድጓዱ እጀታ ያለው የእንጨት ክዳን አበጀለት። አመዱን በጣሳ፣ ውሃውን በእንስራ አድርጋ ያስቀመጠችው ትርፌ ናት። ያደገችው ኦቶና፣ የሚሲዮኑ ሆስፒታል አጠገብ ነው፤ ነርሶቹ ዝንብ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያርፍ በሥዕል እያሳዩ ልጆቹን ምሳ ሲያስጠሏቸው ኖረዋል። ሽንት ቤቱ ባለቀ ቀን ትርፌ ጠረጴዛዋ ላይ ብርጭቆ ሙሉ ውሃ አስቀምጣ፣ ሰው ሁሉ እያያት ጠጣች። ደስ አላት። እንዲህ ያለ ደስታ አለ ብሎ የነገራት ሰው አልነበረም።

ደስታዋ ግን ዕድሜ አልነበረውም። ወንዶቹ ባሕር ዛፉን ትተው ወደ ሽንት ቤቱ መጡ፤ ሲመጡ ግን የባሕር ዛፉን ጠባይ ይዘው ነው የመጡት። ባሕር ዛፍ ክዳን የለውም፣ አመድ አይጠይቅም፣ እዚህ ጋ አነጣጥር ብሎ ሰው አያስቸግርም። ክዳኑ አንድ ጥግ፣ ጣሳው ሌላ ጥግ ተወረወረ። ዝንቡ መጣ። ከሁሉም የባሰው የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ አንጁሎ ነበር። አንጁሎ እንደ ትርፌ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ልጅ ነው፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲዘምር ሰው ያስለቅሳል። ሰኞ ከሽንት ቤት ሲወጣም ያስለቅሳል።

ትርፌ በእጅ ጽሕፈቷ «እባካችሁ ክዳኑን ክደኑ» ብላ ጽፋ በሩ ላይ ሰቀለች። ማንም አላነበበውም። በታይፕ አሳምራ ሌላ ጻፈችና በስፒል ወጋችው። በማግስቱ ወረቀቱ የለም። ወረቀት ውድ በሆነበት ዘመን፣ ሽንት ቤት ውስጥ የተሰቀለ ወረቀት የት እንደሚሄድ ትርፌ ቀድማ ማሰብ ነበረባት።

«ትርፌ፣ እኅቴ፣ ለምን በከንቱ ትደክሚያለሽ?» አላት አንጁሎ። «ማኅተም የሌለውን ወረቀት ማን ያነባል? እኛ መዝገብ ቤት ደብዳቤ ሲመጣ መጀመሪያ የምናየው ታቹን ነው። ታቹ ባዶ ከሆነ ላዩን ማየት ድካም ነው።»

ይህን ለማሾፍ ነበር ያለው። ትርፌ ግን ሄዳ ታይፕ ራይተሯ ላይ ተቀመጠችና «ማሳሰቢያ። ማንኛውም ሠራተኛ በዚህ ቤት ከተገለገለ በኋላ ውሃ አፍስሶ፣ አመድ ነስንሶ፣ ክዳኑን ከድኖ እንዲወጣ በጥብቅ ይታዘዛል» ብላ ጻፈች፤ ወረቀቱንም ለአቶ እሸቴ ይዛ ገባች።

አቶ እሸቴ «ይታዘዛል» የሚለውን ቃል ሲያዩ ፊታቸው በራ። ማኅተሙን የሚያስቀምጡት በሰደርያቸው ኪስ ውስጥ፣ በጥቁር ክር አስረው ነው። ዘውድ የደፋ አንበሳ አለበት። አወጡት፣ አፋቸውን ከፍተው «ሃ» ብለው ተነፈሱበት፣ ከፊርማቸው ላይ አሳረፉት። አዩት፣ ወደዱት፣ ከላይም ደገሙት።

ትርፌ ይሄኛው ማሳሰቢያ እንደ ወንድሙ እንዳይጠፋ የስንዴ ዱቄት በፈላ ውሃ በጥብጣ ወፍራም ሙጫ ሠራች። ወረቀቱን ከበሩ በስተውስጥ፣ ከመቀርቀሪያው አጠገብ ለጠፈችው፤ ለመውጣት እጁን የሰደደ ሁሉ እንዲያየው ብላ ነው። ሙጫው ሲደርቅ ወረቀቱና ሳንቃው አንድ ሆኑ።

መጀመሪያ የገባው አንጁሎ ነበር። በሩን ዘጋ፣ ቀረቀረ። ወዲያው መቀርቀሪያው ተንኳኳና ሱሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ወጣ። ትርፌ በመስኮት ሆና «ምነው፣ ደህና ነህ?» አለችው።

«አንበሳው አየኝ» አለ አንጁሎ።

«የወረቀት አንበሳ እኮ ነው።»

«ዘውድ ደፍቷል፣ ትርፌ። ሁለት ናቸው። አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። እኔ እዚያ ተቀምጬ...» ቀሪውን አልጨረሰውም። ወደ ባሕር ዛፉ በፍጥነት ሄደ።

ከእሱ ቀጥሎ የሞከሩትም እንደዚያው ሆኑ። በዚያን ጊዜ ማኅተም ቀልድ አልነበረም። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ሲነበብ ሰው ከተቀመጠበት ይነሣል፣ ባርኔጣውን ያወልቃል። ታዲያ በዚያው ማኅተም ፊት ሱሪ ማውለቅ ምን ይባላል? ነገ አንዱ ተነሥቶ «እገሌ በዘውዱ ፊት እንዲህ ሆኖ ተቀመጠ» ቢልበት ምን ብሎ ይመልሳል? አልተቀመጥኩም ሊል ነው? ዘበኛው ጦና የቀድሞ ወታደር ነው። እሱ ከገባ በኋላ እግሩን ገጥሞ ሰላምታ ሰጥቶ፣ ፊቱን ሳያዞር ወደ ኋላ እየተራመደ ወጣ። «እኔ ወታደር ነኝ» አለ ለጠየቀው ሁሉ። «ጎዳ ያተመው ወረቀት እያየኝ ቀበቶ አልፈታም።» ጎዳ በወላይትኛ ጌታ ማለት ነው።

ፈርታ ያልወጣችው ትርፌ ብቻ ናት። ያንን አንበሳ ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ቀለም ጥርሱ መሐል ሲደርቅ በመርፌ እየጎረጎረች፣ በስፒርቶ እየጠረገች የምታጸዳው እሷ ናት። ሽንት ቤት ስትገባ «ሳሮ» ብላ በወላይትኛ ሰላም ትለዋለች፣ ጉዳይዋን ትፈጽማለች፣ ትወጣለች። ሽንት ቤቱ የብቻዋ ሆነ። አመዱ በጣሳው፣ ክዳኑ በቦታው፣ ዝንብ የለ። ጠዋት አንድ ብርጭቆ፣ ረፋድ ላይ አንድ ብርጭቆ፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ ሻይ በላዩ ትጠጣ ጀመር። ምሳዋን ተረጋግታ ስለምትበላ ፊቷ ሞላ። ወንዶቹ በየወንበራቸው እግራቸውን አጣምረው ሲቁነጠነጡ ስታይ ትንሽ ታዝናለች፤ ደግሞ ትንሽ ሳቋ ይመጣል፤ ታይፑን ጠንከር አድርጋ ትመታና ሳቋን በድምፁ ትሸፍነዋለች።

ባሕር ዛፉ ግን በዚያው ሰሞን ለማገዶ ተቆርጦ ሳሳ። ስለዚህ ሠራተኛው አጥሩን እየዘለለ የጎረቤት እንሰት ውስጥ መግባት ጀመረ። እንሰቱ የእማማ ቦልቴ ነው። እማማ ቦልቴ መሥሪያ ቤቱ ሲሠራ የነበሩ፣ ሹም መጥቶ ሹም ሲሄድ ያዩ፣ ማንንም የማይፈሩ ባልቴት ናቸው። አንድ ቀን አንድ ያልታደለ ጸሐፊ ከቅጠሉ መሐል ቁጢጥ ብሎ አገኙትና በከዘራቸው እየነዱ ግቢ ድረስ አመጡት።

«ጎዳ እሸቴ» አሉ በረንዳው ላይ ቆመው፣ ሁሉን ሴት በሚያደርግ አማርኛቸው። «እኔ እንሰት የምትተክል ቆጮ ልበላ ነው። የአንተ ሰው ቀን በቀን ትመጣለች፣ ቅጠል ውስጥ ትቀመጣለች። ሽንት ቤት የላችሁም ወይ?»

«አለን፣ እማማ» አሉ አቶ እሸቴ ተቆጥተው። «በጣም ጥሩ ሽንት ቤት አለን።»

«እና ማን ትገባለች?»

አቶ እሸቴ ዞር ብለው ሠራተኛውን አዩት። ሠራተኛው መሬት መሬት አየ። እሳቸው ራሳቸው ምሳ ሰዓት ቤታቸው ስለሚሄዱ ነገሩን አላወቁም ነበር። አንጁሎ እየተንተባተበ ነገራቸው። አቶ እሸቴ ሳቁ። «እናንተ ሞኞች» አሉ፣ «ፊርማው የኔ፣ ማኅተሙ እኔ ያተምኩት። ምን ያስፈራል?»

መልሱን ለማግኘት ብዙ አልቆዩም። ወሩ መስከረም ነው፤ ጊፋታ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ገና ከቤቱ አልወጣም። ሹም ደግሞ በየቤቱ ይጋበዛል። በማግስቱ ረፋድ ላይ አቶ እሸቴ ከአንድ ትልቅ ሰው ቤት ጥሬ ሥጋ በዳጣ ጠግበው ቢሮ ገቡ። የወላይታ ዳጣ እንግዳ ሆድ ውስጥ ሲገባ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ከምሳ በፊት አቶ እሸቴ ክብራቸውን ጠብቀው፣ ግን ፈጠን ፈጠን እያሉ ወደ ሽንት ቤቱ ሄዱ። በሩ ተዘጋ። ትርፌ ታይፕ መምታቱን አቆመች።

በሩ ተከፈተ። አቶ እሸቴ ግንባራቸው ላብ አውጥቶ ወጡና መኪናቸው የት እንዳለ ጠየቁ።

ከሰዓት በኋላ ሠራተኛው በሙሉ ለስብሰባ ተጠራ። አቶ እሸቴ ከስተው ነበር፤ ቀጥ ብለው ግን ተቀምጠዋል። «ወረቀቱ ይነሣ» አለ አንዱ። ጩማ ተጠርቶ ሲጠየቅ ሙጫው አይለቅም፣ ቢላጥ ይቀደዳል አለ። ማኅተም ማን ይቅደድ? «በጨርቅ ይሸፈን» አለ ሌላው። «ዘውድ እንደ ሬሳ ይሸፈናል?» አሉ አቶ እሸቴ። «በቀለም ይጥፋ» ያለው ሰው ደግሞ ያለውን ራሱ ሰምቶ ደነገጠና ተቀመጠ።

«እንግዲያው ውሳኔዬ ይህ ነው» አሉ አቶ እሸቴ። «ማኅተሙ የተከበረ ነው፣ ካለበት አይነካም። ሽንት ቤቱ ከነገ ጀምሮ ቁልፍ ይገባበታል። ለአዲስ ሽንት ቤት ወደ ላይ እንጠይቃለን። እስኪፈቀድ ድረስ እንደ ዱሯችን እንሆናለን።»

ትርፌ ወደ ላይ የተጠየቀ ነገር ምን ያህል እንደሚቆይ ታውቃለች፤ ጥያቄዎቹን የምትጽፈው እሷ ናት። ዳገቱ ታያት። የአክስቷ በር ታያት። ያ ከንፈር መንከስ፣ ያ ወንበር ጫፍ ላይ መቀመጥ፣ ያ የደረቀ ጉሮሮ። እንደ ዱሯችን የሚሉት እነሱ ዱር ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ እሷ ዱር እንኳ አልነበራትም። አልቅሺ አልቅሺ አላት። ከማልቀስ ይልቅ ግን ተናደደች፤ ንዴቱም ከተቀመጠችበት አስነሣት።

«ጌታዬ፣ ወረቀቱ ካልተነሣ በሩ ይገልበጥ» አለች።

«እንዴት ይገልበጥ?»

«ውስጡ ወደ ውጭ ይዙር። አንበሳው ወደ ግቢው ይይ፣ ሰውም ወደ ውስጥ ይግባ። ማኅተም ደግሞ ሰው ፊት ቢታይ ነው የሚያምርበት።»

 ከዚያ አንጁሎ ዝማሬ በሚመስል ድምፅ «አሜን» አለ። አቶ እሸቴ ነገሩን ከላይም ከታችም መረመሩትና ክብር የሚነካ ነገር አጡበት። እንዲያውም አንበሳቸው ግቢው መሐል ቆሞ አላፊ አግዳሚው ሲያየው በሐሳባቸው አዩና ከዳጣው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ።

ጩማ በዚያው ቀን በሩን ከማጠፊያው ፈታ። ጦና እግሩን ገጥሞ ቆመ፣ ሠራተኛው ባርኔጣውን አወለቀ፣ ሁለት ሰው በሩን አቅፎ በዝግታ አዞረው። ከአጥር ውጭ ሱቅ ያለው ነጋዴ ሳሊህ ትልቅ ሹም የሞተ መስሎት ሱቁን ዘጋ። እማማ ቦልቴ በአጥራቸው ቀዳዳ እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሰው ሲበተን ትርፌ ቀድማ ገባች። በሩን ዘጋችና እጇን ወደ መቀርቀሪያው ሰደደች። መቀርቀሪያ የለም። በሩ ሲዞር መቀርቀሪያውም አብሮ ዞሮ ውጭ ቀርቷል። ከዳሞታ የሚወርደው ነፋስ በሩን ገፋ አደረገው፤ ሊከፈትባት ነው። የነጠላዋን ጫፍ በሳንቃው ስንጥቅ አሾልካ መቃኑ ላይ ካለው የካፖርት ሚስማር ጋር አሰረችው። ያዘላት። እዚያው ሆና ነገሩን አሰበችው። ወንዶቹ ለሥራ ነጠላ ለብሰው አይመጡም። ከእሷ መስኮት በቀር ለበሩ የሚቀርብ መስኮት የለም። አሰበችውና አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች፤ ሳቋ አልቆም ብሎ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ስትወጣ ለማንም ምንም አልተናገረችም።

በማግስቱ አቶ እሸቴ ሽንት ቤቱን ሊመርቁ ቀጠሩ። መመረቅ የሚለውን ቃል የተጠቀሙት እሳቸው ናቸው። ሠራተኛው በበሩ ፊት ተሰልፎ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ለማኅተሙ እጅ ነሣ። አቶ እሸቴ ገቡ። በሩ ተዘጋ። ሠራተኛው ገና ቀና ሳይል ነፋሱ መጣና በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው።

ሁሉም አጎንብሶ ስለነበረ ምንም አላየሁም ብሏል። እኛም አምነናቸዋል። የተሰማው ግን የአቶ እሸቴ ድምፅ ነው። «በሩን» አሉ። ጦና ሮጦ ገፋው። ነፋሱ እንደገና ከፈተው። ጩማ ከውስጥ ሌላ መቀርቀሪያ እንዲመታ ከሰልፉ መሐል ተጠየቀ። «ሚስማሩ በዚህ ወገን ይወጣል» አለ ጩማ። «በአንበሳው ሆድ ሊወጣ ይችላል። እኔ ማኅተም ባለበት ሳንቃ ላይ መዶሻ አላነሣም፤ ልጆች አሉኝ።» ጦና በሩን በጀርባው ተደግፎ ለመያዝ አሰበ፤ ጀርባውን አንበሳው ላይ ሊያሳርፍ መሆኑን ሲያውቅ ግን ዘሎ ተነሣ።

ትርፌ ብርጭቆዋን ይዛ ከቢሮዋ ወጣች። ሰልፉን አቋርጣ አለፈች፣ ፊቷን ወደ ዳሞታ አዙራ በሩን በእጇ ዘጋችና መቀርቀሪያውን ከውጭ ወረወረችው። በሩ ጸጥ አለ።

«ማን ነው?» አሉ አቶ እሸቴ ከውስጥ።

«እኔ ነኝ ጌታዬ፣ ትርፌ። ቀርቅሬልዎታለሁ። ሲጨርሱ ይጥሩኝ፣ እከፍታለሁ።»

«ተባረኪ፣ ልጄ።»

ሰልፉ ተበተነ ይባላል እንጂ አልተበተነም። እያንዳንዱ ሰው ግቢው ውስጥ የሚያየው ነገር አገኘ። አንጁሎ ደመናውን ይመለከታል። ጦና የጠመንጃውን ማንገቻ ያስተካክላል። እማማ ቦልቴ ከአጥሩ ወዲያ በርጩማ አስመጥተው ተቀምጠዋል። ጥቂት ቆይቶ የአቶ እሸቴ ድምፅ መጣ፤ ከቀድሞው በጣም የተሻለ፣ የተዝናና ድምፅ ነው።

«ወይዘሪት ትርፌ፣ ጨርሻለሁ።»

ትርፌ እጇን መቀርቀሪያው ላይ አሳረፈች። አልሳበችውም። ከእጇ ጎን በራሷ ታይፕ የተጻፈው፣ በእሳቸው እጅ የተፈረመው ትእዛዝ አለ። ልቧ ይመታል። ሥራዋን እለቃለሁ ያለች ቀን እንኳ እንደዚህ አልመታም።

«እሺ ጌታዬ» አለች በትሕትና። «ውሃውስ?»

  አንጁሎ ደመናውን ማየት ተወ። በዚያን ጊዜ አቶ እሸቴ ምን እንዳሰቡ አናውቅም፤ መቀርቀሪያው ከውጭ መሆኑን ግን ሳያስቡት አልቀሩም። ከረጅም ዝምታ በኋላ ውሃ ሲፈስ ተሰማ።

«አመዱስ ጌታዬ?»

ጣሳው ተንኳኳ።

«ክዳኑስ?»

ጉሮሮ ሲጠረግ ተሰማ። ከዚያ እንጨት እንጨት ላይ ቀስ ብሎ፣ በክብር ሲያርፍ ግቢው በሙሉ ሰማ። አንጁሎም ሰማ፤ ሹሙ ከከደኑ እሱ እንደማይቀርለት ሲገባው ትከሻው ወረደ።

ትርፌ ከብርጭቆዋ ረጅም ጉንጭ ውሃ ጠጣችና መቀርቀሪያውን ሳበች።